የግል የአፈር ግድብ መዝናኛ ሲሆን፦ ባለቤቱም እንግዳውም ሊያውቁት የሚገባ

በኮምቦልቻ ዙሪያ፣ በቃሉና በተሁለደሬ ወረዳዎች እንዲሁም ከደሴ ወደ ታች በሚወርዱት ሸለቆዎች መሬት ይዞ የሚያለማ ሰው የክረምቱን ጎርፍ አቁሮ በበጋ ሊያጠጣበት ቢነሣ የሚያስገርም ነገር የለውም። ዝናቡ በብዛት የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የበልጉ ዝናብ ደግሞ አንድ ዓመት መጥቶ በሌላው የሚቀር በመሆኑ በእርሱ ላይ ተማምኖ ሽንኩርትም ሆነ የፍራፍሬ ችግኝ መትከል ድፍረት ይጠይቃል። ስለዚህ ባለመሬቱ ስካቫተር ይከራይና ጠባብ ሸለቆ መርጦ በአፈር ይዘጋዋል፤ በሁለት ክረምት ውስጥም ከመስኖው ሌላ አንድ ያላሰበው ሀብት እንዳገኘ ያስተውላል። ውሃው ያምራል። ዓሣ ይጨመርበታል፣ ጥላ ይሠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ጀልባ ይመጣል፤ የደሴ ብርድ የሰለቸው ቤተሰብም በእሑድ ልጆቹን ይዞ ይወርዳል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ለውጥ ነው። ለመስኖ የተሠራ ግድብ ወደ መዝናኛነት ሲሸጋገር የሚጨመሩት ነገሮች፣ ማለትም ዓሣው እንዳይሄድ የሚዘረጋው የሽቦ መረብ፣ በግድቡ አናት ላይ የሚወጣው የእግር መንገድ፣ ለጥላ የሚተከለው ዛፍና ውሃው ዘወትር ሙሉ ሆኖ እንዲታይ የሚደረገው ጥረት፣ አብዛኞቹ ግድቡን ከሚያዳክሙ ነገሮች ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ይህ ሲባል ግን የግል ግድብ ለመዝናኛ አይሁን ማለት አይደለም፤ የሚያምረውና የሚያፈርሰው ነገር የሚገናኙበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል ለማለት ነው።

ትንሽ የሚባለው ምን ያህል ነው?

ዓለም አቀፉ የትላልቅ ግድቦች ኮሚሽን «ትልቅ» ብሎ የሚመዘግበው ከመሠረቱ እስከ አናቱ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ወይም ከፍታው ከ5 እስከ 15 ሜትር ሆኖ ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ የሚይዘውን ግድብ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ትንሽ ይባላል፤ ነገር ግን ትንሽነቱ በመሐንዲሶች መዝገብ ውስጥ እንጂ ከግድቡ ግርጌ ለሚኖር ሰው አይደለም።

አንድ ባለቤት ያለ ቀያሽ እርዳታ ግምት ሊያገኝበት የሚችል ቀላል ስሌት አለ። ውሃው ግድቡን የሚነካበትን ስፋት፣ ወደ ኋላ የተኛበትን ርዝመትና በግድቡ አጠገብ ያለውን ከፍተኛ ጥልቀት እርስ በርስ አባዝቶ ውጤቱን ለ6 ማካፈል ነው። ስፋቱ 80 ሜትር፣ ርዝመቱ 120 ሜትር፣ ጥልቀቱ 5 ሜትር የሆነ ኩሬ በዚህ ስሌት 8,000 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል፤ ይህም ክብደቱ 8,000 ቶን መሆኑ ነው። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ገልባጭ መኪና 500 ጊዜ ተመላልሶ የሚያወርደውን ያህል ጭነት በአንድ የአፈር ክምር ተይዞ ቆሟል ማለት ነው፤ ያ ክምር ቢከፈት አብዛኛው ውሃ የሚወጣው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሆን ይችላል።

አደጋውን የሚወስነው የግድቡ ከፍታ ብቻ ሳይሆን ከበታቹ ያለው ነገርም ነው። ከሥሩ ባዶ ሜዳና የግጦሽ መሬት ብቻ ካለ የግድቡ መፍረስ የባለቤቱ ኪሳራ ነው፤ ከሥሩ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ የመኪና መንገድ ወይም የገበያ ቦታ ካለ ግን ጉዳዩ የሰው ሕይወት ነው። ኮምቦልቻ በፍጥነት የምትስፋፋ ከተማ በመሆኗ አንድ ግድብ ሲሠራ ባዶ የነበረው ቦታ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሰፈር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ግድቡ ምንም ሳይለወጥ የአደጋው ደረጃ ከፍ ሊል ይችላል፤ ባለቤቱም በየጊዜው ቁልቁል እየተመለከተ ማን እንደ ሰፈረ ማወቅ ይኖርበታል።

በምሥራቅ አፍሪካ ለዚህ የሚጠቀሰው መራራ ምሳሌ ሩቅ አይደለም። በኬንያ በናኩሩ አውራጃ፣ ሶላይ በተባለ ቦታ፣ በአንድ የግል እርሻ ውስጥ ኮረብታ ላይ የነበረ የአፈር ግድብ በ2010 ዓ.ም. ግንቦት 1 ቀን ማታ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተደርምሶ ከታች በነበሩ ቤቶች ላይ ወርዷል፤ ከ40 በላይ ሰዎችም ሞተዋል። ውሃው የመጣው በምሽት ነበረ፤ ከታች ያሉት ሰዎችም ማስጠንቀቂያ የሚሰጣቸው አልነበረም።

ማስተንፈሻው

ከአፈር የተሠራ ግድብ ከኮንክሪት ግድብ የሚለይበት አንድ መሠረታዊ ነገር አለ፤ ውሃ በአናቱ ላይ ማለፍ የለበትም። ኮንክሪት ለተወሰነ ጊዜ በላዩ ላይ ውሃ ቢፈስበት ሊችለው ይችላል። አፈር ግን ውሃው በኋለኛው ቁልቁለት ላይ ፍጥነት አግኝቶ በወረደ ጊዜ ከግርጌው ጀምሮ እየተጋጠ ወደ ላይ ይሰነጠቃል፤ አንድ ጊዜ ቦረቦር ከተከፈተ የሚያቆመው የለም። በዓለም ላይ ከፈረሱ የአፈር ግድቦች ግማሽ ያህሉ የፈረሱት በዚህ መንገድ ነው፤ ከቀሩትም አብዛኞቹ የፈረሱት ወደ ኋላ እንደማብራራው ውሃ በአካላቸው ውስጥ ሰርጎ አፈሩን በመውሰዱ ነው።

ስለዚህ ማስተንፈሻው፣ ማለትም ኩሬው ሲሞላ ትርፉ ውሃ በጎን በኩል የሚወጣበት መውረጃ፣ የግድቡ ዋና አካል ነው። የሚያሳዝነው ግን በግል ግድቦች ላይ ገንዘብ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጠበው እርሱ መሆኑ ነው። ለምን መጥበብ እንደሌለበት በቁጥር እንየው።

ግድቡ ከላዩ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ተዳፋት አለው እንበል፤ ይህ በእኛ አካባቢ ተራራ አንድ ትንሽ ሸለቆ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ፣ ዛፍና ሣር የተራቆተው መሬትም ግማሹን ብቻ አስቀርቶ ግማሹን ለቀቀ እንበል። ወደ ኩሬው የሚገባው ውሃ 25,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከላይ ያሰላነው ኩሬ 8,000 ሜትር ኩብ ስለሚይዝ አንድ ሰዓት ዝናብ ኩሬውን ሦስት ጊዜ ይሞላዋል። ነሐሴ ላይ ደግሞ ኩሬው ቀድሞውኑ ሙሉ ነው፤ ስለዚህ ያ ውሃ በሙሉ፣ በአማካይ በየሰከንዱ 7 ሜትር ኩብ ገደማ፣ በማስተንፈሻው በኩል መውጣት ይኖርበታል።

ይህን ያህል ውሃ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ይዞ በሰላም እንዲወጣ የማስተንፈሻው አፍ ወደ 12 ሜትር ስፋት ያስፈልገዋል። ባለቤቱ 3 ሜትር ብቻ ቢያደርገው ያው ውሃ ለመውጣት 1.2 ሜትር ያህል ከፍ ማለት ይገደዳል፤ ብዙ ጊዜ ከማስተንፈሻው ወለል እስከ ግድቡ አናት የሚተወው ትርፍ ከፍታ 1 ሜትር ስለሆነ ውሃው በአናቱ ላይ ያልፋል፤ ግድቡም ያበቃለታል። እውነተኛው ጎርፍ ከአማካዩ በላይ የሚጠነክርበት ሰዓት ስላለውም ይህ ስሌት ለባለቤቱ ያደላ ነው። ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ግድብ የሚነደፈው በመሐንዲስ እጅ፣ ከዚህ በጣም ለበለጠና ብርቅ ለሆነ ጎርፍ ነው።

ማስተንፈሻው የሚቆፈረው በተፈጥሮ ጠንካራ መሬት ላይ፣ በግድቡ ጎን እንጂ በሰው በተሞላ አፈር ላይ መሆን የለበትም፤ መውረጃውም በድንጋይ ግንብ ወይም በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) ተጠናክሮ ውሃውን ከግድቡ ግርጌ አርቆ ወደ ወንዙ ማድረስ አለበት። ብዙ ሰው የአፉን ስፋት አስተካክሎ መውረጃውን ይረሳል፤ ውሃውም ወደ ግርጌው ተመልሶ ግድቡን ከታች ይበላዋል።

መዝናኛው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዓሣ የጨመረ ሰው በጎርፍ ጊዜ ቆሮሶውም አምባዛውም በማስተንፈሻው እንዳይሄድበት የሽቦ መረብ መዘርጋት ይፈልጋል። መረቡ በጋ ላይ ምንም አያስቸግርም። ክረምት ላይ ግን የበቆሎ አገዳ፣ ቅጠል፣ ቅርንጫፍና የፕላስቲክ ጠርሙስ ተሸክሞ የሚመጣው ጎርፍ መረቡን በደቂቃዎች ይደፍነዋል፤ 12 ሜትር የነበረው መውጫም ግድግዳ ይሆናል። በማስተንፈሻው ላይ ለእግረኛ የሚሠራ ዝቅ ያለ ድልድይም ያንኑ ያደርጋል። ሌላው ደግሞ ውሃው ለዓይን እንዲሞላ ሲባል በማስተንፈሻው ወለል ላይ የአሸዋ ከረጢት ወይም ድንጋይ መደርደር ነው፤ 40 ሳንቲ ሜትር የተደረደረ ድንጋይ ከትርፉ ከፍታ ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ይቀንሳል፤ የሚያስከፍለው ዋጋ በበጋ አይታይም።

ይህ ግምት ብቻ አለመሆኑን በታሪክ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የነበረው የሳውዝ ፎርክ ግድብ ነው። ግድቡ ወደ 22 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ሲሆን በኋላ የፒትስበርግ ባለጸጎች የመሠረቱት የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክበብ ለበጋ መዝናኛ ገዛው፤ እነ አንድሩ ካርኔጊ የክበቡ አባላት ነበሩ። ከግድቡ ግርጌ የነበሩት የውሃ መልቀቂያ ቧንቧዎች ክበቡ ከመግዛቱ በፊት ተነቅለው ነበር፤ ክበቡም አልተካቸውም፤ ስለዚህ ውሃውን ዝቅ ማድረግ የሚቻልበት መንገድ አልነበረም። ሠረገላ በአናቱ ላይ እንዲያልፍ ተብሎ የግድቡ ከፍታ ዝቅ ተደረገ። ዓሣው እንዳይወጣ በማስተንፈሻው ላይ መረብ ተዘረጋ። እ.ኤ.አ. በ1889 ግንቦት መጨረሻ ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል መረቡ በጉድፍ ተደፈነ፤ ውሃው በአናቱ ላይ አለፈ፤ ግድቡም ተደረመሰ። ጆንስታውን የምትባለው ከተማ ከግድቡ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቅ ነበር፤ ይህም ከደሴ በሐረጎ ወርዶ ኮምቦልቻ የሚያደርሰውን መንገድ ያህል ነው። ከ2,200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሦስቱ ጥፋቶች ሁለቱ ለመዝናናት ሲባል የተደረጉ ነበሩ፤ ሦስቱም በየራሳቸው ሲታዩ ጥቃቅን ይመስላሉ።

ለዓሣው የሚሻለው መፍትሔ መረቡን ከማስተንፈሻው ላይ አንሥቶ ጥቂት ዓሣ መጥፋቱን መቀበል ነው። ይህን የማይቀበል ባለቤት ቢያንስ መረቡን ከሰኔ እስከ መስከረም ማንሣት አለበት፤ እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ባይኖር እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በበልግም ያልታሰበ ዶፍ ሊወርድ ይችላል፣ መረብ ማንሣትም ሰው የሚረሳው ሥራ ነው።

በግድቡ ውስጥ የሚሄደው ውሃ

ማንኛውም የአፈር ግድብ ጥቂት ውሃ ያሰርጋል፤ ስርገት መኖሩ ብቻ የሚያስደነግጥ አይደለም። የሚታየው የውሃው ቀለምና መጠን ነው። ከግርጌው የሚወጣው ውሃ ኩልል ያለ ከሆነና መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ካልጨመረ ግድቡ እየተነፈሰ ነው ማለት ይቻላል። ውሃው ከደፈረሰ ግን አፈር ይዞ እየወጣ ነው፤ በግድቡ ሆድ ውስጥም ከኋላ ወደ ፊት የሚረዝም ቀዳዳ እየተሠራ ነው። ይህ ቀዳዳ ኩሬውን ሲደርስ ጊዜ አይሰጥም። ስርገቱን ለመለካት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ውሃውን በአንድ ቦይ ሰብስቦ 20 ሊትር ጄሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በስልክ ሰዓት መመዝገብ፣ በዚያው ቀንም የኩሬውን ከፍታ አብሮ መጻፍ በቂ ነው። ኩሬው ሳይጨምር ስርገቱ ከጨመረ ባለሙያ መጠራት አለበት።

ስርገት ከሚወዳቸው ቦታዎች ዋናው በግድቡ ውስጥ የሚያልፈው የውሃ ማውጫ ቧንቧ ዙሪያ ነው፤ አፈሩ ከቧንቧው ሥር በደንብ አይጠቀጠቅምና። ቀድሞ በቧንቧው ላይ የኮንክሪት ቀለበቶች ማድረግ ይመከር ነበር፤ ቀለበቶቹ ራሳቸው መጠቅጠቁን ስለሚያስቸግሩ አሁን የሚመረጠው በቧንቧው መውጫ በኩል ባለው ክፍል ዙሪያ የአሸዋ ማጣሪያ ማድረግ ነው፤ ውሃው ያልፋል፣ አፈሩ ይቀራል።

አፈሩም ራሱ የራሱ ጠባይ አለው። ለግድብ የሚስማማው ሸክላነት ያለው ሆኖ ከአሸዋና ከደቃቅ አፈር የተመጣጠነ፣ በእጅ ሲጨበጥ ሳይፈርስ የሚቀር ነገር ግን እጅን የማያረጥብ እርጥበት ያለው፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ንብርብር ተነጥፎ በሩሎ የተጠቀጠቀ አፈር ነው። በስካቫተር ተከምሮ በጎማው ብቻ የተረገጠ ክምር ግድብ አይባልም። በየረባዳው የሚገኘው ጥቁር አፈር፣ ብዙ ገበሬ ዋልካ የሚለው፣ ውሃ ስለማያሳልፍ ለግድብ የተፈጠረ ቢመስልም ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ኩሬው በመስኖ ተመጥምጦ በግንቦት ባዶ ከሆነ በኋላ የሰኔ ጎርፍ በአንድ ሌሊት ሲሞላው ውሃው በእነዚያ ስንጥቆች በቀጥታ ይገባል። በግድቡ ርዝመት ከሚሄድ ስንጥቅ ይልቅ ከኩሬው ወገን ወደ ኋላው አቋርጦ የሚሄደው ይበልጥ ያስፈራል፤ ስለዚህ ከዝናቡ በፊት ተቆፍሮ እንደገና መጠቅጠቅ አለበት። አዲስ ግድብም በመጀመሪያው ሙሌቱ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይልቅ አደገኛ ነው፤ ቀስ ብሎ ቢሞላና በየቀኑ ቢታይ ይበጃል፤ እንግዳ የሚቀበልበት ዓመትም መሆን የለበትም።

ዛፍን በተመለከተ ብዙ ባለቤቶች አይስማሙም፤ ባሕር ዛፉ ሥሩ አፈሩን ይይዛል ይላሉ። የተራራን ተዳፋት ይይዝ ይሆናል፤ በግድብ ላይ ግን ዛፉ ተቆርጦ ወይም ደርቆ ሥሩ ሲበሰብስ በቦታው የሚቀረው የተዘጋጀ የውሃ መንገድ ነው፤ ነፋስ ገንድሶ ቢጥለውም ጉብ ያለ የግድቡን አካል ነቅሎ ይወድቃል። በግድቡ ላይ የሚፈቀደው አጭር ሣር ብቻ ነው። ጥላው ከግርጌው ወዲያ ቢያንስ አሥር ሜትር ርቆ ወይም በኩሬው ጎን በተፈጥሮው መሬት ላይ ይተከል። አጭር ሣር ሌላም ጥቅም አለው፤ ፍልፈልና ጃርት የቆፈሩት፣ በቆላው በኩልም ምስጥ የጎረጎረው፣ በረጅም ሣርና በቁጥቋጦ ሥር ሲሆን አይታይም።

የእግር መንገዱም ቀላል ነገር አይደለም። እንግዳ ፎቶ የሚነሣው በግድቡ አናት ላይ ነው፤ ከብትም ወደ ውሃው የሚወርደው በአንድ ቦታ ነው። በየቀኑ የሚረገጥ ቦታ ሣሩን ያጣል፣ ይጎደጉዳል፣ ከቀረውም አናት 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ጎርፍ በመጣ ጊዜ ውሃው መጀመሪያ የሚያልፈው በዚያ ዝቅታ ነው። መንገዱ በጠጠር ይሸፈን፣ አናቱ በየዓመቱ ከክረምት በፊት በውሃ ልክ ይለካ፣ ከብቱም ከግድቡ ርቆ በድንጋይ የተነጠፈ መጠጫ ይሠራለት። በአናቱ ላይ ካፌም ሆነ ሌላ ቤት አይሠራ፤ መሠረቱ ይቆፍረዋል፣ የሚፈስ ውሃውም ያረጥበዋል። ሞተር ያለው ጀልባም ባይገባ ይሻላል፤ በጠባብ ኩሬ ውስጥ የሚያስነሣው ማዕበል ድንጋይ ያልተደረደረበትን የግድቡን ፊት ይሸረሽራል፤ ለዚህ ያህል ውሃ መቅዘፊያ ይበቃል።

ውሃው ውስጥ የሚገባው ሰው

የግድብ መፍረስ ብርቅ ነው፤ መስጠም ግን ብርቅ አይደለም። ለመዝናኛ በተከፈተ ትንሽ ግድብ ላይ ሰው የሚሞተው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

ሰው ሠራሽ ኩሬ ቀስ እያለ የሚጠልቅ አይደለም፤ በግድቡ በኩል ጥቂት ርምጃ የሄደ ሰው ከቁመቱ በላይ ይሆናል። ደለሉ እግር ይይዛል። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ የሰጠመ ሰው ከላይ አይታይም። የጊዜው ግጥጥሞሽም መጥፎ ነው፤ ኩሬው ከሁሉ ይበልጥ የሚሞላውና የሚደፈርሰው በጳጉሜና በመስከረም ሲሆን ለአዲስ ዓመትና ለመስቀል ብዙ እንግዳ የሚወርደውም ያኔ ነው። አብዛኛው የደጋ ሰው ደግሞ ዋና አይችልም፤ ልጆቹም እንዲሁ።

ስለዚህ መዋኘት የሚፈቀድ ከሆነ ቦታው ከግድቡ፣ ከማስተንፈሻውና ከውሃ ማውጫው ርቆ፣ ወለሉ በዝግታ የሚጠልቅ፣ በገመድና በተንሳፋፊ ምልክት የታጠረ መሆን አለበት። የውሃ ማውጫው ቫልቭ ሲከፈት ከአፉ አጠገብ የሚፈጠረው መሳብ አዋቂንም ይይዛል፤ በብረት ዘንግ ያልተከለለ መሳቢያ ባለበት ኩሬ ሰው ማስገባት አይገባም፤ መስኖ የሚለቀቅበትና ሰው የሚዋኝበት ሰዓትም አንድ መሆን የለበትም። በጀልባ የሚሳፈር ሁሉ፣ ዋና የሚችለውም ጭምር፣ በልኩ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት ይልበስ። ቢራና ጀልባ አይገናኙ።

በኩሬው ዳር በየ30 ሜትሩ ሊገኝ የሚገባው ነገር ርካሽ ነው፤ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ቢጫ ጄሪካን በ15 ሜትር ገመድ ታስሮ በእንጨት ላይ ይሰቀል። የሚሰጥም ሰው ሲታይ ጄሪካኑን መወርወር ይገባል፤ ተከትሎ መግባት ሁለተኛ ሬሳ ያወጣል። ከውሃ የወጣው ሰው ካልተነፈሰ ገልብጦ ማንጠልጠልና ሆድን መጫን ጊዜ ማባከን ነው፤ በጀርባው አስተኝቶ በአፍ አየር መስጠትና ደረትን መጫን ወዲያውኑ መጀመር አለበት፤ ስለዚህ ከሠራተኞቹ ቢያንስ ሁለቱ ይህን የተለማመዱ ይሁኑ።

ውሃ እንዳያሰርግ ጥቁር ፕላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ ከአፈሩም የባሰ ነው። ፕላስቲኩ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ የወደቀ ልጅም ሆነ ጥጃ ተዳፋቱ ትንሽ ቢሆንም ወጥቶ መዳን አይችልም። እንዲህ ያለው ኩሬ ይታጠር፣ በአራቱም ጎን ቋጠሮ ያለው ገመድ ወይም የጎማ መሰላል ይልቀቅበት፤ ለመዋኛነትም አይታሰብ።

ከመስጠም ሌላ ውሃው ሁለት በሽታዎችን ሊያመጣ ይችላል። የመጀመሪያው ቢልሃርዚያ ነው። የአንጀት ቢልሃርዚያ በኬሚሴ፣ በኮምቦልቻና በሐይቅ አካባቢ የሚታወቅ በሽታ ሲሆን ተሕዋሲው የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ከቀንድ አውጣው ወጥቶም ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ለመያዝ ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ እግርን መንከር ይበቃል። ተሕዋሲው በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በምትበረታበት ከረፋድ እስከ ቀትር ነው፤ ሰው መዋኘት የሚወድበትም ሰዓት ያው ነው። በሽታው በፕራዚኳንቴል ይታከማል፤ መከላከያው ግን የዳሩን ሣርና ቅጠል ማጽዳት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በቂ መጸዳጃ ከውሃው ርቆ ወደ ዝቅታው በኩል መሥራት ነው፤ ቀንድ አውጣው የሚበከለው ከሰው ዓይነ ምድር ነውና። እንግዳ ተቀብሎ መጸዳጃ የሌለው ኩሬ በሽታውን ራሱ ያመርታል።

ሁለተኛው ወባ ነው። በትግራይ በአነስተኛ ግድቦች አጠገብ በሚኖሩና ራቅ ብለው በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት በግድቦቹ አጠገብ ያሉት ሕፃናት በወባ የሚያዙት ሰባት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ግድቦቹ የነበሩት ከ1,800 እስከ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ትገኛለች። ትንኟ የምትራባው በኩሬው መሃል ሳይሆን ከግድቡ ግርጌ በሚያዥ ስርገትና በከብት ኮቴ ጉድጓድ ውስጥ በሚቆም ውሃ ነው፤ ስለዚህ ስርገቱን በቦይ ሰብስቦ ማስወገድ ለግድቡም ለጤናም ይጠቅማል። የምሽት እንግዳ የሚያድርበት ሎጅ ካለ አጎበር ግዴታ ነው።

ፈቃድና ኃላፊነት

የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውሃ ሥራ መገንባትን ፈቃድ የሚጠይቅ ያደርገዋል፤ ከፈቃድ ነፃ ያደረጋቸው በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ፣ ባህላዊ መስኖ፣ ባህላዊ የከብት እርባታ፣ የውሃ ወፍጮና የመሳሰሉት ናቸው። በስካቫተር ሸለቆ ዘግቶ ጀልባ የሚያስቀዝፍ ሰው «ባህላዊ መስኖ» ነኝ ቢል የሚያስኬደው አይመስለኝም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 መሠረትም በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ይክሳል፤ መረብ የተዘረጋበት ማስተንፈሻም ሆነ ያልታጠረ መሳቢያ ጥፋት መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ክርክር አያስፈልግም። «በራስ ኃላፊነት ይዋኙ» የሚል ሰሌዳ ባለቤቱን ከጥንቃቄ ግዴታው ነፃ ያወጣዋል ብሎ መተማመን አይበጅም።

ምርመራና የችግር ሰዓት

ግድቡ በበጋ በወር አንድ ጊዜ፣ በክረምት በሳምንት፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ ወዲያውኑ በእግር ይዞራል፤ አናቱ፣ ሁለቱ ፊቶች፣ ግርጌውና ማስተንፈሻው በየተራ ይታያሉ፤ ያው ሰው በየጊዜው ቢያየው ለውጡን ያውቀዋል። ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላም እንዲሁ። አካባቢያችን በአፋር ስምጥ ሸለቆ ዳር የተቀመጠ ነው፤ ከኬሚሴ በስተደቡብ ባለችው ካራቆሬ አካባቢ በ1953 ዓ.ም. የደረሰው ርዕደ መሬት ማጀቴን ክፉኛ ጎድቷል። መንቀጥቀጥ የተሰማ ዕለት እንግዳ ከመግባቱ በፊት ስንጥቅ መፈለግና ስርገቱን መለካት ያስፈልጋል።

በደኅና ጊዜ ውሃውን ማጉደል ሲያስፈልግ በቀን ከ30 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ውሃው በድንገት ሲሸሽ የረጠበው የግድቡ ፊት ደጋፊ አጥቶ ወደ ውስጥ ይንሸራተታል። በትልቅ ፓምፕ ኩሬውን በሁለት ቀን የሚመጥጥ ገበሬ ይህን አደጋ ራሱ ይጠራል።

ድፍርስ ስርገት ከታየ ቅደም ተከተሉ መገለባበጥ የለበትም። መጀመሪያ ከታች ያሉት ሰዎች ይነገራቸው፤ ስልካቸው አስቀድሞ በወረቀት ተጽፎ በዘበኛው ቤት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይኖርበታል፤ ሌሊት ቢሆንም ይደወላል፣ መብራት ወይም ኔትወርክ ከሌለም በእግር የሚሮጥ ሰው አስቀድሞ የተመደበ ይሁን። የቀበሌው አስተዳደርና የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ቀጥለው ይጠራሉ። እንግዳው ከግድቡና ከግርጌው ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታ እንጂ በሸለቆው ቁልቁል አይሸሽ። ከዚያ ቫልቩ ይከፈታል፤ ማስተንፈሻውም ከተደፈነ ከዳር ሆኖ በረጅም እንጨት ይጠረጋል፤ ማንም ውስጡ አይግባ። ውሃው የሚወጣበትን ቀዳዳ በጭቃ ወይም በሸክላ መድፈን የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ውሃው ግን ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ ግፊቱም በግድቡ ውስጥ ይጨምራል። በምትኩ በቀዳዳው ላይ መጀመሪያ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ በላዩም ድንጋይ ይከመራል፤ ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት ገልባጭ መኪና አሸዋና አንድ ጠጠር ከሰኔ በፊት ከግድቡ ግርጌ ወጣ ብሎ፣ መኪና ሳይሆን አካፋ በሚደርስበት ቦታ፣ ተከምሮ መቆየት አለበት፤ በነሐሴ ሌሊት በጭቃ መንገድ አሸዋ የሚያመጣ ሲኖትራክ አይገኝም።